ከጋዛ ወደ መካ፦ የአንዲት እናት ኒያና የኢማሙ ሻፊዒይ ጉዞ

 

ዛሬ ስለ አንድ ልጅና ስለ እናቱ ላወጋችሁ ነው። ልጁን በስሙ ታውቁታላችሁ። የሱብሒ ሶላት ላይ ቁኑት ሲደረግ እየሰማችሁ ካደጋችሁ፣ ኢማሙ ፋቲሓን ሲጀምር ቢስሚላህን ጮክ ብሎ ሲቀራ ከለመዳችሁ፣ በዚህ ልጅ መንገድ ነው የሰገዳችሁት። ሐረር፣ ባሌ፣ ሶማሌና ብዙው የወሎ ክፍል የእሱን መዝሀብ ይዞ ነው የቆየው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ መዝሀቡ አይደለም። ገና ስሙን ማንም ሳያውቀው፣ እናቱ ከተወለደበት ምድር አንስታ ወደ አባቶቹ አገር ስለወሰደችው ነው።

ይህን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጂዳ ወይም ሪያድ የወለዳችሁ፣ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ልጅ የምታሳድጉ አላችሁ። ልጄን ወደ አገር ቤት ልላከው? አያቶቹ ጋ ሆኖ ቁርኣኑን ይቅራ? ወይስ የለመደውን ትቶ እዚያም እንግዳ ይሆንብኛል? እያላችሁ ሌሊት የምትብሰለሰሉ አላችሁ። ይህ ጥያቄ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከ1,200 ዓመታት በፊት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጋዛ ላይ ተቀምጣ ይህንኑ ታስብ ነበር።

ልጇ ሙሐመድ ኢብን ኢድሪስ የተወለደው በሒጅራ 150፣ እ.ኤ.አ 767 ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) ያረፉበት ዓመት ነው። አባቱ ኢድሪስ የቁረይሽ ሰው ነበር፤ ከሒጃዝ ወጥቶ ሻም ምድር ገብቶ እዚያው በወጣትነቱ ሞተ። ለልጁ የተወለት ሀብት የለም። የተወለት የዘር ሐረግ ብቻ ነው። ያ ሐረግ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ሙጦሊብ ከተባለው አያት በኩል ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ዐብዱ መናፍ ላይ ይገናኛል። የሙጦሊብ ልጆች መካ ላይ ማዕቀብ በተጣለ ጊዜ ከበኒ ሃሺም ጋር አብረው የተራቡ ናቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመዶቻቸው ድርሻ ሲሰጡ ሁለቱን ቤተሰቦች አንድ አድርገው ነው ያዩአቸው።

እናትየዋ ግን ቁረይሽ አይደለችም። በታወቀው ዘገባ ከየመን ጎሣዎች አንዱ ከሆነው ከአዝድ ናት። ይህን ልብ በሉ። ባሏ ሲሞት የሚቀላት ወደ ራሷ ወገን መመለስ ነበር። እዚያ ወንድም አለ፣ አጎት አለ፣ የምታውቀው ጓዳ አለ። እሷ የመረጠችው ግን መካን ነው፤ የእሷን ሳይሆን የልጇን አባቶች አገር። ልጁ ባዕድ ምድር ላይ ቢያድግ ሐረጉ ጠፍቶ እንዳይቀር ሰጋች። ለነቢዩ ዘመዶች ከሚመደበው ድርሻም ትንሽ ይደርሰው ይሆናል ብላ ሳታስብ አልቀረችም ይላሉ ታሪክ ጸሐፊዎች። ኒያዋ ንጹሕ ነው፣ ሒሳቧም የእናት ሒሳብ ነው። ሁለቱ አብረው ቢኖሩ ምን ነውር አለው?

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምርላችሁ። ጋዛን ዐረቦች የሃሺም ጋዛ እያሉ ይጠሯታል፤ የነቢያችን ቅድመ አያት ሃሺም ለንግድ ሄዶ ሞቶ የተቀበረው እዚያ ስለሆነ ነው። ሃሺም ሲሞት ልጁ ያኔ የሥሪብ በምትባለው በመዲና ከእናቱ ወገኖች ጋር ቀርቶ ነበር። ያንን ልጅ የሥሪብ ድረስ ሄዶ፣ ከእናቱ ለምኖ፣ ግመሉ ላይ ከኋላው አፈናጦ ወደ አባቱ አገር ወደ መካ ያመጣው የሃሺም ወንድም ሙጦሊብ ነው። የመካ ሰዎች ልጁን የገዛው ባሪያ መስሏቸው ዐብዱል ሙጦሊብ አሉት፤ ስሙም ቀረ። ይህ ልጅ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አያት ነው። እንግዲህ የሻፊዒይ እናት የሁለት ዓመት ሕፃን ይዛ ከጋዛ ስትነሳ፣ የልጇ አያት ሙጦሊብ ከብዙ ትውልድ በፊት የሠራውን ነው የደገመችው። ያኔ የቲሙን ያመጣው አጎት ነበር። አሁን ግን የምታመጣው እናት ናት፣ ብቻዋን።

መካ ገቡ። ከዚያስ? ቁረይሾች በር ከፍተው፣ የወንድማችን ልጅ መጣ ብለው እልል አላሉም። እናትና ልጅ በድህነት መኖር ጀመሩ። ልጁ መድረሳ ሲገባ ለመምህሩ የሚከፈል አልነበራቸውም። መምህሩም ክፍያ የሌለውን ልጅ ብዙም አያየውም ነበር። ሕፃኑ ሙሐመድ ግን መምህሩ ለሌሎቹ የሚያስተምረውን እየሰማ ይይዛል፤ መምህሩ ብድግ ብሎ ሲወጣ ደግሞ የያዘውን ለጓደኞቹ መልሶ ያስቀራል። መምህሩ ሲያስበው ይህ ልጅ ከሚከፍለው በላይ እየረዳው ነው። ክፍያውን ተወለት። ልጁ በሰባት ዓመቱ ቁርኣንን ሐፈዘ።

ከዚያ ሐረም ውስጥ ከዑለማዎች ዘንድ መቀመጥ ጀመረ። የሚሰማውን ሐዲስና ፊቅህ የሚጽፍበት ወረቀት አልነበረውም። ወረቀት የሀብታም ዕቃ ነው። ስለዚህ የወደቀ የእንስሳ አጥንት ይለቅማል፤ ሰፋፊውን የትከሻ አጥንት መርጦ እሱ ላይ ይጽፋል። ቤታቸው ውስጥ አንድ አሮጌ እንስራ ነበር፤ አጥንቱ በሞላ ቁጥር እዚያ ይከተዋል። አንዳንዴ ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ሄዶ አንድ ፊቱ የተጻፈበት ወረቀት ይለምንና በጀርባው ይጽፋል። እስቲ ያንን ቤት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት፤ ምግብ የሚጎድልበት፣ አጥንት የሞላበት ቤት። እናቱ አውጥታ አልጣለችውም።

መካ ላይ ወደ አንድ ዘመዱ ዘንድ ሲሄድ ዘመዱ ዒልም ላይ መዋሉን አይቶ መከረው ይባላል፤ ይህን ተውና የሚጠቅምህን ሥራ ፈልግ ማለቱ ነበር። አገር ቤት የላካችኋቸው ልጆች ከአጎት ከአክስት ይህን ሳይሰሙ የሚቀሩ አይመስለኝም። ዘመድ ክፉ ሆኖ አይደለም። ረሃብን ስለሚያውቅ ነው። ልጁ ሰማ፣ ግን አልተመለሰም።

እናቱም ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። አንድ ጊዜ ከሌላ ሴት ጋር ሆና መካ ቃዲ ፊት ለምስክርነት ቀረበች። ቃዲው ሁለቱን ሴቶች ለያይቶ ሊጠይቃቸው ፈለገ። እሷ ግን አይቻልም አለች፤ ማስረጃዋንም ከቁርኣን አቀረበች። ሁለት ሴቶች አብረው የሚመሰክሩት አንዷ ብትረሳ ሌላዋ እንድታስታውሳት መሆኑን የሚናገረውን የሱረቱል በቀራን አንቀጽ ጠቀሰች። ቃዲው ተረታ። ልጇ በኋላ ከአንቀጽ ውስጥ ብይን በማውጣት ዓለም ያወቀው ሲሆን፣ ከማን እንደጀመረው ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደሚገርመኝ ክፍል ደረስን። ይህ ልጅ በደሙ ቁረይሽ ነው፣ ያደገውም መካ ነው። ዐረብኛ የአባቶቹ ቋንቋ ነው። ሆኖም ዐረብኛ ለመማር ከከተማ ወጣ! መካ ከየአገሩ ሰው የሚገባባት ከተማ ስለነበረች ንግግሩ ተቀላቅሏል። የጠራው ዐረብኛ ያለው በረሃ ውስጥ፣ ሁዘይል በሚባሉት ጎሣዎች ዘንድ ነው ተባለ። ወጣቱ ሙሐመድ ሄዶ ከእነሱ ጋር ኖረ፤ ሲሰፍሩ ሰፈረ፣ ሲጓዙ ተጓዘ። ግጥማቸውን፣ ተረታቸውን፣ የዘር ቆጠራቸውን ያዘ። ይህ የሳምንት ጉብኝት አልነበረም፤ ዓመታት ፈጀ። ቀስት መወርወርም ወደደ፤ ከአሥር አሥሩን ዒላማው ላይ እስከማሳረፍ ደረሰ። ፀሐይ ላይ ከመዋሉ ብዛት በሽታ እንዳይዘው ሐኪም እስኪሰጋለት ድረስ ማለት ነው።

ከዚያ መካ ሲመለስ፣ ታላቁ የቋንቋ ሊቅ አል-አስመዒ የሁዘይልን ግጥሞች ከዚህ ቁረይሻዊ ወጣት ዘንድ እያነበበ አስተካከለ። አያችሁ? የአባቶቹን ቋንቋ በደም አላገኘውም። ሄዶ፣ ባሕር ዛፍ ጥላ እንኳ በሌለበት በረሃ ተቀምጦ፣ ከእረኞች ነው የተማረው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ሐረሪ አይችሉም ብለን የምናፍርባቸው ልጆቻችን ትዝ ይሉኛል። ሻፊዒይም ሄዶ መማር ነበረበት።

በቋንቋና በግጥም ብቻ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያውቁት የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ብቻ ይሆኑ ነበር። ነገር ግን የመካው ሙፍቲ ሙስሊም ኢብን ኻሊድ አዝ-ዘንጂይ ፊቅህ አስተማሩት፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ፈትዋ እንዲሰጥ እንደፈቀዱለት ይዘገባል። እሱ ግን ዓይኑ መዲና ላይ ነበር። እዚያ ኢማም ማሊክ ኢብን አነስ (ረሒመሁላህ) አሉ፣ ኪታባቸው አል-ሙወጦእም ዝናው ወጥቷል። ወጣቱ ኪታቡን መካ ውስጥ ካለ ሰው ተውሶ በቃሉ ሐፈዘው። ቀጥሎ ያደረገው ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው፤ የሚያስተዋውቀው ሰው ፈለገ። ከመካው ገዥ ለመዲናው ገዥ ደብዳቤ አጻፈ።

የመዲናው ገዥ ደብዳቤውን ሲያነብ ጨነቀው። ከመዲና እስከ መካ በባዶ እግሩ መሄድ ማሊክ ደጅ ላይ ከመቆም እንደሚቀለው ነገረው። ወጣቱ እንግዲያው አስጠራቸው ቢለው፣ ገዥው የማይሆን ነገር መሆኑን ያውቃል። ሁለቱም ሄዱ። በር አንኳኩ። አንዲት ጥቁር አገልጋይ ወጣች፤ ገዥው ደጅ መቆሙን ንገሪልኝ አላት፤ ገባች፤ ቆየች። ገዥ ደጅ ላይ ቆሞ መጠበቁ ነው። ኋላ ኢማም ማሊክ ረጅም፣ ግርማቸው የሚያስፈራ ሽማግሌ ሆነው ወጡና ተቀመጡ። ገዥው ደብዳቤውን ሰጣቸው። ማንበብ ጀመሩ፣ ስለ ልጁ ጨዋነትና ስለ ቤተሰቡ የሚያወራው ቦታ ሲደርሱ ደብዳቤውን ወረወሩት። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ዒልም በአማላጅ የሚገኝ ሆነ ወይ ብለው ተገረሙ።

ገዥው አፉ ተያዘ። ወጣቱ ራሱ ቀረበና ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ ተናገረ። ማሊክ ለረጅም ጊዜ አዩት። ስሙን ጠየቁት። አላህን እንዲፈራና ከወንጀል እንዲርቅ መከሩት፤ ትልቅ ነገር እንደሚጠብቀው አይተውበታልና። ከዚያ ነገ ና፣ የሚያነብልህም ሰው ይዘህ ና አሉት። በማግስቱ ብቻውን መጣ፤ ራሱ ከቃሉ ማንበብ ጀመረ። እንዳላሰለቻቸው ፈርቶ ሊያቆም ሲል፣ አነባቡ ጥሟቸው ቀጥል ይሉታል። በጥቂት ቀናት ሙወጦእን ጨረሰው።

ደብዳቤው የተጣለበትን ያን ደጃፍ አስቡት። እናቱ እንዳይጠፋ ብላ ከጋዛ ያመጣችው ሐረግ የተጻፈበት ወረቀት ነበር። መሬት ላይ ወደቀ። ማግሥቱን በሩን የከፈተለት መካ ላይ ያደረው ሒፍዝ ነው። ግን ደግሞ ያንን ሒፍዝ የት አገኘው? እናቱ ወደ መካ ባታመጣው አያገኘውም ነበር።

ኢማም ማሊክ በሒጅራ 179 እስኪያርፉ ድረስ ከእሳቸው ዘንድ ተማረ። ከዚያ መካ ሲመለስ አሁንም ድሃ ነበር። የየመን ገዥ ወደ መካ መጥቶ ሳለ ከቁረይሽ አንዳንድ ሰዎች ሥራ እንዲሰጠው አናገሩለት። አያችሁ፣ ዘር ለዒልም ባይሆንም ለእንጀራ ይረዳል። ለጉዞው ልብስና ስንቅ የሚገዛበት ስለሌለ ቤት በመያዣ አስይዞ ሄደ። እንዲህ ሆኖ የእናቱ ወገኖች አገር ወደሆነችው የመን ገባ። ነጅራን ላይ ሥራ ያዘ፤ ጉቦ አልበላም፣ ለማንም አላዳላም። ይህ ጠላት አፈራበት።

እዚያ ነው የዘሩ ክብር ወደ ሰይፍ የተለወጠበት። የነቢዩ ቤተሰብ ወገን ነህ፣ ከዐለዊዮች ጋር ሆነህ በኸሊፋው ላይ ልታምፅ ነው ተብሎ ተከሰሰ። በሒጅራ 184፣ እ.ኤ.አ 800 ገደማ፣ በሰንሰለት ታስሮ ከሌሎች ጋር ኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ፊት ቀረበ። አብረውት የቀረቡት እንደተገደሉ ይዘገባል። እሱ በአንደበቱ ተከራከረ። እዚያ የነበሩት የአቡ ሐኒፋ ተማሪ ታላቁ ፈቂህ ሙሐመድ ኢብን አል-ሐሰን ስለ ዒልሙ መልካም ቃል ተናገሩለት። ዳነ። ከዚያም ያዳኑት ሰው ዘንድ ተቀምጦ የዒራቅን ፊቅህ ተማረ። የአንድ ግመል ጭነት የሚሆን ኪታብ ጻፈ። በአጥንት ላይ ለጀመረ ልጅ ይህ ምን ያህል እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

ሲመለሱ እንግዲህ ኢማም ሆነው ነው የተመለሱት፤ እኔም ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው። ሐረም ውስጥ ተቀምጠው ማስተማር ጀመሩ። ሐጅ የመጣ ሁሉ ወደ ክባቸው ይጠጋል። ከባግዳድ ወጣቱ አሕመድ ኢብን ሐንበል መጥቶ፣ የትልልቆቹን የሐዲስ ሸይኾች ክብ ትቶ እሳቸው ዘንድ ተቀመጠ፤ ጓደኛውንም እየጎተተ አመጣ። የጋዛው የቲም በአባቶቹ ከተማ፣ ከከዕባው አጠገብ አስተማሪ ሆነ። የእናቱ ኒያ ሞላ ማለት ይቻላል።

እኔ ብሆን እዚህ ላይ እቆም ነበር። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? እሳቸው ግን አልቆሙም። በሒጅራ 195 ወደ ባግዳድ ሄዱ። የፊቅህ መሠረቶችን ሥርዓት ያስያዘው አር-ሪሳላ የተጻፈው ከባስራው የሐዲስ ሊቅ ከዐብዱረሕማን ኢብን መህዲ በመጣ ጥያቄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ግብፅ ተሻገሩ፤ ያኔ ዕድሜያቸው 50 ገደማ ነበር። እዚያም አዲስ ሁኔታና አዲስ ማስረጃ ሲያገኙ ከቀደመ አቋማቸው ብዙውን መርምረው ለወጡ። ዛሬ ድረስ ደረሳ ቀዲምና ጀዲድ እያለ የሚለየው ይህንን ነው። አር-ሪሳላንም እንደገና ጻፉት። ትልቁ ኪታባቸው አል-ኡም ይባላል፤ ትርጉሙ እናት ነው። ስሙ ለፊቅሁ መሠረት ስለሆነ እንጂ ስለ ወላጅ እናታቸው የተሰጠ አይደለም። እኔ ግን ሽፋኑን ባየሁ ቁጥር ያቺ የአዝድ ሴት ትዝ ትለኛለች።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት ብዙ ደም በሚያፈስስ ኪንታሮት እየተሰቃዩ አሳለፉ። ቢሆንም ማስተማር አላቆሙም። ሌሊቱን ይከፍሉት እንደነበር ይነገራል፤ አንዱ ክፍል ለመጻፍ፣ አንዱ ለሶላት፣ አንዱ ለእንቅልፍ። ያስተማሯቸው ረቢዕ፣ ሙዘኒይና ቡወይጢይ ናቸው ዒልሙን ለዓለም ያሰራጩት።

በእኛ አገር ያለ ደረሳም ከዚህ ዒልም ደጅ ጠንቷል። ከሐረር እስከ ወሎ የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ሸይኽ ፊት ሲቀራ ኖሯል። ከአገራችን ተነስተው ለዒልም እስከ ካይሮ የሄዱትም በአል-አዝሀር የጀበርት ሪዋቅ የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። ከዚያ እስከ ኢማሙ መቃብር ሩቅ አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ደረሳ ጎን ለጎን ሁለት ነገር ይዞ ይኖር ነበር፤ ጥሎት የመጣውን አገርና የመጣበትን ኪታብ።

ኢማም ሻፊዒይ በሒጅራ 204 የረጀብ ወር መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ ጥር 820፣ ለጁሙዓ አጥቢያ ሌሊት ፉስጧጥ ላይ አረፉ። ዕድሜያቸው 54 ነበር። ጀናዛቸው በማግስቱ ጁሙዓ ከዐስር በኋላ ተቀበረ፤ ከጋዛም ከመካም ርቆ፣ የአባታቸውም የእናታቸውም አገር ባልሆነ አፈር። አላህ ይዘንላቸው፤ ለእናታቸውም ይዘንላት።

ኪታባቸው ላይ በጁሙዓ ቀንና ሌሊት በነቢዩ ላይ ሰለዋት ማብዛትን እንደሚወዱ ጽፈዋል። ዛሬ ጁሙዓ ነው። አላሁመ ሶሊ ወሰሊም ዐላ ነቢይና ሙሐመድ።